ልጄ ትሮምቦን መርጣለች፤ በቢግ ባንድ ውስጥ የሚነፋ ሰው ዕድሜውን በምን ይገፋል?

የቤዛ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ የሚጻፈውን ሳነብ ዓመት አልፎኛል፤ ዛሬ ግን ጥያቄ ይዤ መጥቻለሁ።

የምንኖረው ሜሪላንድ ነው። ልጄ ቤዛ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ባለፈው ዓመት በትምህርት ቤቷ የሙዚቃ መሣሪያ ምረጡ ሲባል ጓደኞቿ ፍሉትና ክላሪኔት ሲሻሙ እሷ ትሮምቦን የሚባለውን ረጅም የናስ መሣሪያ ይዛ መጣች። ሣጥኑን ተሸክማ ከአውቶቡስ ስትወርድ ሣጥኑ እንጂ ልጅቷ አትታይም። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ድምፅ ጥጃዋ የጠፋባት ላም ይመስል ነበር፤ አሁን ግን ማታ ማታ ወጥ እየሠራሁ በሩን ከፍቼ እሰማታለሁ። በዚህ ወር ለትምህርት ቤቱ የጃዝ ባንድ ተመረጠች። ከዚያ ወዲህ "ሳድግ ሥራዬ ይህ ነው፤ ቢግ ባንድ ውስጥ እገባለሁ" ትላለች። አነጋገሯ የዋዛ አይደለም።

እናቴ በስልክ ስትሰማ "ልጅቷን አዝማሪ ልታደርጊያት ነው?" አለችኝ። እኔ እንደዚያ አላስብም፤ ነገር ግን በማላውቀው ነገር እሺም እንቢም ማለት ከበደኝ። የዘፋኝን ሕይወት ቢያንስ በግምት አውቀዋለሁ። ቢግ ባንድ በሚሉት ትልቅ የጃዝ ባንድ ውስጥ፣ ከአሥራ ሰባት ሰው መካከል ተቀምጦ ትሮምቦን የሚነፋ ሰውስ? እንጀራ አለው? ሴት ልጅ በዚህ ሥራ ቦታ አግኝታ ታውቃለች? ደግሞም ክንዷ ተንሸራታቹን ቱቦ እስከ መጨረሻው መግፋት አልቻለም፤ በዚህ ነገር አልቅሳለች። የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ።

ሦስተኛው ወንበር

እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ትሮምቦን የያዝኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ፣ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል ተቀጥሬ ነው። መሣሪያውን አልመረጥኩትም። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ቁመቴን አይቶ "ይህ ክንደ ረጅም ነው፤ ትሮምቦን ስጡት" አለ፤ በዚያው ቀረ። ዛሬ ስድሳ ስድስት ዓመቴ ነው። እዚህ አገር ታክሲ እየነዳሁ ልጆቼን አሳድጌያለሁ፤ ማክሰኞ ማታ ግን ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ የአማተሮች ቢግ ባንድ ውስጥ ሦስተኛ ትሮምቦን ሆኜ ስነፋ ኖሬአለሁ።

መጀመሪያ ወንበሩን ላሳይሽ። በቢግ ባንድ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከፊት አምስት ሳክስፎን፣ ከኋላ አራት ትራምፔት፣ በመካከል አራት ትሮምቦን ይቀመጣል፤ በጎን ፒያኖ፣ ቤዝ፣ ጊታርና ድራም ይኖራሉ። ከአራቱ ትሮምቦኖች የመጀመሪያው ላይኛውን ድምፅ ይዞ ይመራል። አራተኛው ባስ ትሮምቦን ነው፤ መሠረቱን ይይዛል። ሁለተኛውና ሦስተኛው መካከል ላይ ናቸው። የሦስተኛውን ኖታ ቤት ወስደሽ ብቻሽን ብትነፊው ዜማ አይወጣውም። አንድ ድምፅ ላይ ስምንት ምት ትቆያለሽ፤ ግማሽ ድምፅ ትወርጃለሽ፤ ትመለሻለሽ። ባለቤቴ ለዓመታት "ይህ ዘፈን መቼ ነው የሚጀምረው?" ስትለኝ ኖራለች።

ማክሰኞ ማታ ግን ነገሩ ይለወጣል። መሪ ትሮምቦናችን እስትንፋስ ሲስብ ትከሻው ከፍ ሲል በዓይኔ ጠርዝ አየዋለሁ። አራታችንም አብረን እንስባለን። አራቱ ተንሸራታቾች አብረው ይወጣሉ፤ ያ ቤት ውስጥ ፍሬ የሌለው የነበረው ድምፅ ከላዩና ከታቹ መካከል ገብቶ ልክ ቦታው ላይ ሲቀመጥ የወንበሩ ብረት ሲርገበገብ በጀርባዬ ይሰማኛል። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው የእኔን ድምፅ ለይቶ አይሰማም። ሦስተኛው ትሮምቦን የቀረ ዕለት ግን ሁሉም ሰው አንድ ነገር እንደጎደለ ይታወቀዋል። የዚህ ሙያ አብዛኛው ክፍል ይህ ነው፤ ኖታን አይቶ ወዲያው ማንበብ፣ ከጎን ካለው ሰው ጋር አብሮ መተንፈስ፣ ሶሎ ሲደርስ ደግሞ ተነሥቶ የራስን መናገር። ልጅሽ ይህን ከወደደችው ሌላው ይለመዳል።

ስለ ሴት ልጅ ላነሣሽው ጥያቄ መልስ የሚሆንሽ አንድ ስም አለ፤ ሜልባ ሊስተን። ስለ እሷ ረዘም አድርጌ ብጽፍ አትሰልቺ፤ ቤዛም ልትሰማው ይገባል።

ሜልባ እ.ኤ.አ. በ1926 ሚዙሪ ውስጥ ካንሳስ ሲቲ ተወለደች። ትሮምቦን አይታ ውበቱ ስለማረካት እናቷ ስትገዛላት ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከቤዛ በአምስት ዓመት ታንስ ነበር ማለት ነው። ስትጀምር አብዛኛውን በራሷ ጆሮ ነው የተማረችው። እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ ሎስ አንጀለስ ሄዱ፤ እዚያ አልማ ሃይታወር የምትባል፣ የሰፈር ልጆችን ሰብስባ ባንድ የምታደርጋቸው መምህር አገኘች። በአሥራ ስድስት ዓመቷ የሙዚቀኞች ማኅበር አባል ሆና ሊንከን ቲያትር በሚባል አዳራሽ ባንድ ውስጥ ተቀጠረች። ኖታ መጻፍም የጀመረችው እዚያ ነው። ይህን ያዢልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከዚያ ትራምፔት ነፊው ጄራልድ ዊልሰን ያቋቋመው ቢግ ባንድ ውስጥ ገባች፤ በ1940ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ሌላው ትራምፔት ነፊ ዲዚ ጊለስፒ ጋር። ያኔ የጊለስፒ ባንድ ውስጥ ከሳክስፎኖቹ መካከል የተቀመጠው ኋላ ስሙ የገነነው ወጣቱ ጆን ኮልትሬን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1949 ከዊልሰን ጋር ሆና ዘፋኟን ቢሊ ሆሊደይን አጅባ ወደ ደቡብ ግዛቶች ወጣች። ጥቁርና ነጭ በሕግ የሚለያይበት ዘመን ነው። አዳራሾቹ አልሞሉም፣ ገንዘቡ አለቀ፣ ጉዞው ተበላሸ። ወደ ሎስ አንጀለስ ስትመለስ ትሮምቦኗን አስቀመጠችው።

እኅቴ፣ እዚህ ላይ የምነግርሽ ከባድ ነገር አለ፤ እናት ስለሆንሽ ማወቅ አለብሽ። ሜልባ በእነዚያ የጉዞ ዓመታት ሴት በመሆኗ ከወንዶች የደረሰባትን ጥቃት በኋለኛ ዘመኗ በግልጽ ተናግራለች። ዘመኑ ተለውጧል ብዬ አላባብልሽም። ልጅሽ ስታድግ ከማን ጋር እንደምትጓዝ፣ የት እንደምታድር ጠይቂ፤ ጠያቂ እናት መኖሯ ሊያሳፍራት አይገባም።

ሜልባ ለጥቂት ዓመታት በሎስ አንጀለስ የትምህርት ቦርድ የቢሮ ሠራተኛ ሆነች። ፊልም ላይም በአጃቢነት ሠርታለች፤ ለፋሲካ በቴሌቪዥን የምናየው "አሥርቱ ትእዛዛት" ውስጥ ከቤተ መንግሥቱ ሙዚቀኞች አንዷ ሆና ትታያለች። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ፊልሙን ባየሁ ቁጥር እሷን ነው የምፈልገው።

እ.ኤ.አ. በ1956 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የዲዚ ጊለስፒን ቢግ ባንድ ወደ ኢራን፣ ፓኪስታን፣ ሶርያ፣ ሊባኖስ፣ ቱርክ፣ ዩጎዝላቪያና ግሪክ ላከ። ጊለስፒ ሜልባን ከካሊፎርኒያ አስጠራት። ባንዱ ውስጥ ያሉ ወንዶች አጉረመረሙ፤ ለአንዲት ሴት ብሎ ይህን ያህል መንገድ መላክ ለምን አስፈለገ አሉ፤ ያሉበትም ቃል እዚህ የሚጻፍ አይደለም። ጊለስፒ ምንም አልመለሰላቸውም። እሷ ያቀናበረችውን ኖታ አውጥቶ ፊታቸው አስቀመጠና ንፉት አላቸው። ከነፉት በኋላ ማጉረምረሙ ቆመ። በጉዞው ላይ ቁልፍ ስፊልን፣ ፀጉር ቁረጪልን ማለታቸው ባይቀርም፣ ኖታዋን ግን ከዚያ በኋላ የናቀ የለም።

አሁን ወዳልኩሽ ነገር ልመለስ። እኔ በሦስተኛው ወንበር ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጬ የገባኝ፣ ከትሮምቦን ወንበር ሁሉም ነገር እንደሚሰማ ነው። ሳክስፎኖቹ ከፊትሽ ናቸው፤ ትራምፔቶቹ ማጅራትሽ ላይ ናቸው፤ አንቺ መካከል ነሽ። ማን ከማን ጋር እንደሚጋጭ፣ ማን ለማን ቦታ እንደሚለቅ ቀድመሽ ትሰሚያለሽ። ሜልባ ታላቅ አቀናባሪ የሆነችው ከዚህ ወንበር ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በስሟ የወጣው አልበም አንድ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1958 ከትሮምቦን ባልደረቦቿ ጋር የቀረጸችው። በቀረው ዕድሜዋ የሌላውን ሰው ሙዚቃ ስታሳምር ኖራለች። እ.ኤ.አ. በ1959 ከኩዊንሲ ጆንስ ባንድ ጋር አውሮፓ ሄደች፤ ሙዚቀኞቹ መድረክ ላይ ልብሰ ተውኔት ለብሰው ኖታውን በቃላቸው ይዘው የሚነፉበት ትርኢት ነበር። ትርኢቱ ፓሪስ ላይ ሲዘጋ ባንዱ ወደ አገሩ አልተመለሰም፤ ወራት ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሠራ።

ከሁሉ ልቤን የሚነካው ግን ከፒያኖ ተጫዋቹ ራንዲ ዌስተን ጋር የሠራችው ነው። ትብብራቸው ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ ዘልቋል። እሱ በፒያኖ የሚያመጣውን ዜማ እሷ ለብዙ ሰው ትዘረጋለታለች። እ.ኤ.አ. በ1960፣ አሥራ ሰባት የአፍሪካ አገሮች ነፃ በወጡበት ዓመት፣ "ኡሁሩ አፍሪካ" የሚባለውን ሥራ አብረው ቀረጹ፤ በስዋሂሊ "ነፃነት ለአፍሪካ" ማለት ነው። ግጥሙን የጻፈው ላንግስተን ሂውዝ ነው። የአፓርታይድ መንግሥት በደቡብ አፍሪካ አግዶታል። እኔ መጀመሪያ የሰማሁት እዚህ አገር ከመጣሁ በኋላ ታክሲ ውስጥ ተቀምጬ ተሳፋሪ ስጠብቅ ነው። የናሱ መሣሪያዎች ከከበሮዎቹ ጋር ሲገናኙ ሞተሩን አጥፍቼ ሰማሁ። ማን እንዳቀናበረው ፈልጌ የሜልባን ስም ያገኘሁት በዚያ ሳምንት ነው።

ከ1973 እስከ 1979 ጃማይካ ውስጥ ስታስተምር ቆየች። ተመልሳ የራሷን ባንድ አቋቋመች። እ.ኤ.አ. በ1985 ስትሮክ መታት፤ ግማሽ አካሏ ስለደከመ ከዚያ በኋላ ትሮምቦን አልነፋችም። ቅንብሩን ግን አልተወችም፤ በኮምፒውተር መጻፍ ተማረች፤ ለዌስተን ካቀናበረቻቸው ትላልቅ ሥራዎች አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ የተሠሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ ለጃዝ ሰዎች የሚሰጠውን ከፍተኛውን ብሔራዊ ክብር፣ የጃዝ ማስተርነትን ተቀበለች። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1999 ነው።

እናትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ መምህር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በኅዳር 1966 ዓ.ም. ታላቁ የጃዝ ባንድ መሪ ዱክ ኤሊንግተን ባንዱን ይዞ አዲስ አበባ ሲመጣ ከአዳራሹ ጀርባ ቆሞ ሰምቷል። ለእኛ ሲያወራ ግን ስለ ዱክ ሳይሆን ስለ ትሮምቦኖቹ ነበር። የቧንቧ መክፈቻ ጎማ ከእንጨቱ ነቅሎ በትሮምቦኑ አፍ ላይ እየከፈተ እየዘጋ "እንዲህ ነው የሚናገረው" ይለን ነበር። ያን ብልሃት በዱክ ባንድ ውስጥ ያደረጀው ጆ ናንተን ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1926 እስከ ሞተበት እስከ 1946 ድረስ ትሮምቦኑን እንደ ሰው ሲያናግር ኖሯል። እናትሽ አዝማሪ ያሉት ለስድብ ከሆነ፣ ግጥምና ዜማን እኩል የሚያናግር ሰው በአገራችን ማን እንደነበረ ቀስ ብለሽ አስታውሻቸው።

የናስ ክፍል መምህርት

ጋሼ፣ ስለ ሜልባ የጻፉትን ለተማሪዎቼ አነብላቸዋለሁ። እኔ እዚሁ አካባቢ በአንድ መለስተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የናስ መሣሪያዎች አስተምራለሁ።

የቤዛ እናት፣ ስለ ክንዷ አይጨነቁ። ተንሸራታቹ ሰባት ቦታዎች አሉት፤ እያንዳንዱ ቦታ ድምፁን በግማሽ ድምፅ ያወርደዋል። ስድስተኛውና ሰባተኛው ሩቅ ናቸው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሰባተኛው ላይ ባትደርስ ምንም አያስገርምም። መፍትሔው የኤፍ ቫልቭ ያለው ትሮምቦን ነው። በግራ አውራ ጣት የሚጫን ቁልፍ አለው፤ ሲጫን አየሩ ከኋላ በተጠቀለለ ተጨማሪ ቱቦ ያልፋል። ያን ጊዜ ስድስተኛው ቦታ ላይ የሚገኙት ድምፆች ክንድ ሳይዘረጋ አንደኛው ቦታ ላይ ይገኛሉ። ክብደቱ ግን ከተራው ይበልጣል፤ ስለዚህ ሳይገዙ መጀመሪያ ተከራይተው ይሞክሩት።

እንጀራን በተመለከተ፣ በአሜሪካ ለቢግ ባንድ ሙዚቀኛ መደበኛ ደመወዝ ከሚከፍሉት ጥቂት ቦታዎች ዋነኞቹ የጦር ኃይሉ ባንዶች ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ እዚሁ ዋሽንግተን አጠገባችሁ አሉ። የአየር ኃይሉ "ኤርመን ኦቭ ኖት" እ.ኤ.አ. በ1950 የተቋቋመው የግሌን ሚለርን ባንድ መንገድ ተከትሎ ነው፤ ሚለርም ራሱ ትሮምቦን ነፊ ነበር። የምድር ጦሩ ደግሞ "አርሚ ብሉዝ" አለው። ወንበር ሲለቀቅ ፈተና ይወጣል፤ ለአንድ ወንበር ከመላው አገሪቱ ይመጣሉ። ኮንሰርቶቻቸው በነፃ ናቸው፤ ቤዛን ይውሰዷት፤ ከትሮምቦኖቹ ፊት ለፊት ይቀመጡ። ከዚያ ውጭ ያሉት አብዛኞቹ ማስተማርን፣ የቲያትር ሥራን፣ ቀረጻንና ሠርግን አደባልቀው ነው የሚኖሩት። እኔም አንዷ ነኝ።

አባ ዮናስ

የተባለው ሁሉ መልካም ነው፤ እኔ ግን የተለየ ሐሳብ አለኝ። ወንድሜ ሳክስፎን ሲነፋ ኖሮ በስተርጅና የቤት ኪራይ የሚከፍልበት አጣ። ልጅቷ ትሮምቦኗን ትንፋ፤ ነገር ግን ሌላ ሙያ ትያዝ። ሜልባ ራሷ ቢሮ ገብታ የለም? ጋሼ ይህን በአንድ አረፍተ ነገር አለፉት።

ሦስተኛው ወንበር

አባ ዮናስ፣ ስለ ወንድምዎ አዝናለሁ፤ እውነትዎን ነው። በአንድ አረፍተ ነገር ያለፍኩትን ልሙላ።

ጄ ጄ ጆንሰን የሚባል አለ። የቤኒ ካርተርና የካውንት ቤሲ ቢግ ባንዶች ውስጥ ካደገ በኋላ በዘመናዊው ጃዝ ከእሱ የሚስተካከል ትሮምቦን ነፊ አልነበረም። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1952 እስከ 1954 በአንድ ፋብሪካ የንድፍ ሥዕሎች ተቆጣጣሪ ሆኖ ሠርቷል። ከፋብሪካው ሲወጣ ከካይ ዊንዲንግ ጋር ሁለት ትሮምቦን ይዘው ያቋቋሙት ቡድን ስሙን ዓለም ላይ አዳረሰው። እንግዲህ የመሣሪያው አንደኛ እንዲህ ከሆነ፣ ሁለተኛ ሙያ መያዝ ሽንፈት አይደለም። እኔም የታክሲ መሪ ይዤ ነው ትሮምቦኔን ያቆየሁት።

የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለልጅቷ "ሌላ ሙያ ያዢ" ሲባል ትሮምቦኑን እንደ መጫወቻ አድርገን አንንገራት። የቢሮው ሥራ ሜልባን አላጠፋትም፤ ጊለስፒ ሲጠራት ከንፈሯም ጆሮዋም ዝግጁ ነበሩ። ቤዛ ሁለቱንም ትያዝ፤ በቀን ሃያ ደቂቃ ረጅም ድምፅ መያዝን ግን አትተው። ከንፈር እንደ እግር ጡንቻ ነው፤ ካልሠራ ይሰንፋል።

የቤዛ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ትናንት ማታ ስለ ሜልባ የተጻፈውን ለቤዛ አነበብኩላት። ወንዶቹ ሲያጉረመርሙ ጊለስፒ ኖታውን ያስቀመጠበትን ቦታ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ከዚያ ወረቀት አምጥታ ለትሮምቦንና ለጓደኛዋ ፍሉት የሆነ ነገር መጻፍ ጀመረች፤ እስከ አራት ሰዓት ድረስ መብራት አላጠፋችም። ነፃ ኮንሰርቱንም አይቻለሁ፤ እንሄዳለን። አባ ዮናስ፣ የወንድምዎን ነገር አልረሳሁትም፤ ሒሳብ ትምህርቷንም እከታተላለሁ።

ጋሼ፣ አንድ የማፍርበት ነገር አለ። ተንሸራታቹ እየያዘ ሲያስቸግራት ባለፈው ቅዳሜ የምግብ ዘይት ቀባሁለት። ለአንድ ቀን ተሻለ፤ አሁን ጭራሽ አልንቀሳቀስ አለ። አበላሸሁባት?

ሦስተኛው ወንበር

አላበላሸሽውም። ግን ዛሬውኑ አውጪው፤ የምግብ ዘይት ሲቆይ እንደ ሙጫ ይሆናል።

መቆለፊያውን ፍቺና ተንሸራታቹን በሁለት እጅሽ፣ ሳታጣምሚ፣ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። የመታጠቢያ ገንዳው ላይ ፎጣ አንጥፊ፤ ቱቦው ገንዳውን መትቶ ከጎደጎደ ጥገናው ውድ ነው። ለብ ያለ ውኃ በጥቂት የሳህን ሳሙና አዘጋጂ፤ የፈላ ውኃ ቀለሙን ያነሣዋልና ተጠንቀቂ። የውጭኛውን ቱቦ ውስጡን ለዚህ በተሠራው ረጅም ተጣጣፊ ብሩሽ እጠቢ፤ የሙዚቃ ዕቃ መደብር አለ፤ ዋጋውም ትንሽ ነው። የውስጠኛውን በለስላሳ ጨርቅ ጥረጊ። ጫፉ ላይ ወፈር የሚል ቦታ አለ፤ የሚነካካው እሱ ነውና እዚያ ላይ አንድም የዘይት ቅሪት አይቅር። አለቅልቂው፣ አድርቂው። ከዚያ የተንሸራታች ቅባት በጣትሽ ጫፍ ትንሽ ብቻ፣ ያ ወፈር የሚለው ቦታ ላይ ቀቢና በመርጫ ንጹሕ ውኃ እርጪበት።

ሲያልቅ ትሮምቦኑን ቀጥ አድርጋ ትያዝ፤ መቆለፊያው ተፈቶ ተንሸራታቹ በራሱ ክብደት ቀስ ብሎ ከወረደ ተሳክቷል። እግሯ ላይ እንዳይወድቅ ከሥር እጅሽን አድርጊ። አሁንም ከያዘ ቱቦው ትንሽ ታጥፎ ይሆናልና ሳትገፉት ለመምህሯ አሳዩት። እንዴት እንደሆነ ጻፊልኝ፤ ከማክሰኞ ልምምድ ስመለስ አያለሁ።